የዋርካ ጫፏ ወይዘሮ ደብሪቱ ይመር፣ በራቸውንም እንዴት እንደ ጠበቁ

ወይዘሮ ደብሪቱ ይመር በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ከተማ በላይ ባለችው በዋርካ ጫፍ መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ ይመር አበጋዝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ እንግዳ በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም. ተወለዱ። ከወላጆቻቸው ልጆች መካከል ለአካለ መጠን የደረሱት እሳቸው ብቻ ስለ ነበሩ የአያታቸው ግቢ በውርስ የእሳቸው ሆነ።

ዋርካ ጫፍ ከአስፋልቱ ቀና ብለው ሲያዩዋት የድንጋይ ክምር ትመስላለች። ቀርበው ሲያዩዋት ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ የኖሩ የገበሬ ግቢዎች መንደር ናት። እያንዳንዱ ግቢ የራሱ የድንጋይ አጥር፣ የራሱ አውድማና ጎተራ አለው፤ በመካከሉም ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው የሚያድርበት ክብ ባለ ፎቅ ቤት ይቆማል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ይጋራሉ። የየቤቱ በር ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ሲሆን ማጠፊያ ብረት የለውም፤ በራሱ የእንጨት እግር፣ በድንጋይ ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል። በአንዱ በር ላይ መስቀል፣ በሌላው በር ላይ ጨረቃ የቀረጸው አናጢ አንድ ሰው እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። የእናታችን የወይዘሮ ደብሪቱ ታሪክ ከእነዚህ በሮች ታሪክ ተለይቶ አይነገርም።

በልጅነታቸው በአካባቢው ትምህርት ቤት ስላልነበረ ቀለም ሳይቆጥሩ አደጉ። በ1951 ዓ.ም. ከአቶ ዳምጠው በላይ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አቶ መልካሙንና ወይዘሮ ትዝታን ወለዱ። ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መንደሩ ሲደርስ ከሴቶቹ ቀድመው የገቡ፣ ከሁሉም ዘግይተው የወጡ እሳቸው ናቸው። ለምን እንደሚተጉ ሲጠየቁ፣ "የሚያስፈርመኝ ሰው ምን እንደሚያስፈርመኝ ላውቅ ነዋ" ይሉ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን አቶ ዳምጠው "ለእህል ተመዝገቡ" ተብለው ወደ ከተማ ወረዱ። ወይዘሮ ደብሪቱ አብሬ ልውረድ ቢሉ፣ "አንቺ ልጆቹን ያዢ፤ እህል ለመቀበል ደግሞ ምን ንባብ ያስፈልጋል?" አሏቸው። የተመዘገበው ሁሉ እዚያው በመኪና ተጭኖ ወደ ሰፈራ ተወሰደ። አቶ ዳምጠው ከሄዱበት አልተመለሱም፤ በዚያው በወባ ማረፋቸውን አብሯቸው ሄዶ የነበረ ሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ መጥቶ አረዳ። በዚያው ዓመት የአቶ ዳምጠው ወንድምና ባለቤቱ በረሃብ ሲያልቁ፣ በሕይወት የተረፈውን ሕፃን ልጃቸውን ብርሃኔን ወይዘሮ ደብሪቱ አምጥተው ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር አሳደጉ። ክርስትና ያስነሡትም እሳቸው ነበሩ።

ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ሁሉም ሰው እፎይ ሲል እሳቸው እፎይ አላሉም። በ1989 ዓ.ም. በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ማሳቸው ተለክቶ፣ ከቤታቸው በታች ያለው ለሙ እርሻ ተቆርጦ ለሌላ ሲሰጥ ዳር ቆመው አዩ እንጂ አላለቀሱም። ከዚያ ወዲህ ግን የሜትር ገመድ የያዘ ሰው ሲያዩ ፊታቸው ይለወጥ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ወይዘሮ ደብሪቱ ጠርጣራ ሰው ነበሩ። ይህ በቀብራቸው ዕለት ሲነገር የሚያስከፋቸው አይደለም፤ እንዲያውም ሌላ ቢባልላቸው "ማንን ነው የምትቀብሩት?" ባሉ ነበር። ማዳበሪያ ሲመጣ እርሻቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ያለ ማዳበሪያ ዘርተው አይተዋል። ልጃቸው ትዝታ ወልድያ ላይ መምህርት ሆና እጮኛዋን ልታስተዋውቅ ስታመጣ፣ ምሳ ሳይቀርብ የዘር ሐረጉን እስከ ቅድመ አያቱ አስቆጥረውታል። ሆኖም ለተራበ ጎተራቸውን፣ ለታመመ ጉልበታቸውን ሰስተው አያውቁም። "መስጠት ሌላ፣ ማመን ሌላ" የዘወትር ንግግራቸው ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ ሜሮን የምትባል ወጣት የቅርስ ባለሙያ ከወልድያ ወደ ዋርካ ጫፍ መጣች። ሥራዋ የቆዩ የገበሬ ግቢዎችን መለካት፣ ፎቶ ማንሳትና መመዝገብ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ግቢ ስትደርስ በሩ ተዘጋ።

"እማማ፣ እንደምን ዋሉ? የቆዩ ቤቶችን እየመዘገብን ነው" አለች ከውጭ ሆና።

"አንቺንስ ማን መዘገበሽ?" አሏት ከሳንቃው ጀርባ።

"ሥራዬ ነው እማማ። ቤቱ እንዲታወቅ፣ እንዳይፈርስ ብለን ነው።"

"ሳይታወቅ ነው እኮ ሳይፈርስ የኖረው።"

"ልለካው ብቻ ነው፤ ምንም አልነካም።"

"ልጄ፣ እስከ ዛሬ የለካኝ ሁሉ ቆርጦኛል። ውሃ ልስጥሽና ጠጥተሽ ሂጂ።"

ውሃውን በአጥሩ ላይ አሻግረው ሰጧት። ጠጥታ ጣሳውን መልሳ ስትወርድ፣ ቁልቁለቱን እስክትጨርስ ቆመው አዩዋት።

ሜሮን ግን አልቀረችም። ከሌሎቹ ግቢዎች ጀምራ ሥራዋን ቀጠለች። ወይዘሮ ደብሪቱም የእርሻ ሥራቸውን ለመልካሙ ትተው እሷን መጠበቅ ሥራቸው አደረጉት። ወደ ላይ ስትወጣ ጭራሮ የሚለቅሙ መስለው ይወጣሉ፤ ወደ ታች ስትወርድ ውሃ የሚቀዱ መስለው ይወርዳሉ። የልጅነት ጓደኛቸውና የአጥር ተጋሪያቸው ወይዘሮ ረሂማ፣ "ደብሬ፣ ልጅቱን በዓይንሽ በላሻት እኮ!" ቢሏቸው፣ "እኔ በዓይኔ ብበላት ይሻላል፣ እሷ በአፏ ከምትበላኝ" ብለው መለሱ።

በዚያ ሰሞን ባቡር እስከ ሐራ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ በየገበያው ይወራ ነበር። የተለካ ቤት ሁሉ ለባቡሩ ሊፈርስ ነው የሚሉ ነበሩ። የለም፣ ለሆቴል ሊሰጥ ነው የሚሉም ነበሩ። ሰው ከሰው ጋር ማውጋት ቀነሰ። ጎረቤት በጎረቤቱ ግቢ የገባውን እንግዳ መቁጠር ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ብርሃኔ ወደ መንደሩ መመላለስ ያበዛው። ብርሃኔ አድጎ መርሳ ላይ ደላላ ሆኖ ነበር፤ አንደበቱ ጣፋጭ፣ እጁ ለጋስ ስለ ነበር መንደሩ ሁሉ "ልጃችን" ይለዋል።

"እቴቴ፣ ይኼ ምዝገባ መጨረሻው አያምርም" አላቸው አንድ ቀን። "መንግሥት ሳይወስደው በሩን ሽጡት። የጥንት በር የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው አለኝ። እኔ አለሁ፤ አንቱ ምንም አትድከሙ።"

"በር ሸጦ ምን ይዘጉበታል?" አሉት ወይዘሮ ደብሪቱ።

ለሌሎቹም ይህንኑ ነግሯቸው ነበር። እነሱም የአባቶቻችንን በር አንሸጥም ብለው መለሱት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አቶ ኑርሁሴን ከነቤተሰባቸው ውርጌሳ ሰርግ ሄደው ሲመለሱ ቤታቸው ያለ በር ቆሞ ጠበቃቸው። ዝናብ የዋለበት ቀን ስለ ነበር ያየም የሰማም አልተገኘም። ቀጥሎ ከመንደሩ ዳር ያለው ሰው አልባ ግቢ በር ጠፋ። ሦስተኛው የወይዘሮ ውባለም በር ነበር፤ እሳቸው ለቅሶ ደርሰው እስኪመለሱ ተነቅሎ ተወሰደ። ሦስቱም በሮች አስቀድሞ በሜሮን ፎቶ የተነሡ ነበሩ።

በማግስቱ ሜሮን ምንም ሳታውቅ ወደ መንደሩ ስትወጣ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ጠበቃት። ካሜራዋን ቀሟት። "አንቺ ታነሺያለሽ፣ ሌባ ይከተላል!" እያሉ ከበቧት። አንዳንዱ ድንጋይ ጨብጦ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ በዱላቸው ሰው እየከፈሉ ወደ መሐል ገቡ። ሁሉም ሰው እሳቸው የፍርዱን መጨረሻ የሚናገሩ መስሎት ወደ እሳቸው ዞረ።

"ይህችን ልጅ አላምናትም" አሉ። "ከእናንተ ሁሉ በፊት የጠረጠርኳት እኔ ነኝ። ስለ ጠረጠርኳትም ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሣሁም። የኑርሁሴን በር የጠፋ ዕለት ዝናብ ይዟት ረሂማ ቤት ተጠልላ ዋለች፤ እኔም ደጅ ተቀምጬ ስጠብቃት ዋልኩ። ትናንት ጨርሶ አልመጣችም፤ ቁልቁለቱን ሳይ ነው የዋልኩት። ስለ ልቧ አልምልላትም። ስለ እጇ ግን እምላለሁ፤ በር አልነካችም።"

በመንደሩ ከወይዘሮ ደብሪቱ የበለጠ ተጠራጣሪ ስለሌለ ከእሳቸው በኋላ የሚጠራጠር ጠፋ። ድንጋይ የጨበጠውም ድንጋዩን ጣለ። ካሜራውን ራሳቸው ተቀብለው መለሱላትና፣ "አሁን ሂጂ፤ እስክጠራሽ አትምጪ" አሏት።

ያን ቀን ቤታቸው ገብተው እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። ሜሮን ካልሆነች ማን ነው? ባለቤቶቹ ቤት የማይውሉበትን ቀን የሚያውቅ፣ መኪና የሚያገኝ፣ በሮቹንም ለመግዛት አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ማን ነው? መልሱን ያውቁታል፤ ሊጠሩት ግን አልቻሉም። ጠርጣራ ሰው እንኳ የማይጠረጥረው አንድ ሰው አያጣም። የእሳቸው ብርሃኔ ነበር። በዚያ ክፉ ዓመት በጀርባቸው ያዘሉት፣ ከልጆቻቸው ጉርሻ ቀንሰው ያጎረሱት ልጅ ነው። በኋላ ለትዝታ እንደ ነገሯት፣ ባሕር ማዶ ያለ ጠላት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አያማቸውም ነበር።

በመጨረሻ ብርሃኔን አስጠርተው፣ ለእሱ ብቻ፣ በገበያው ዕለት ወልድያ ትዝታ ዘንድ ወርደው እንደሚያድሩ ነገሩት። መልካሙም ያን ዕለት ሲሪንቃ ሥራ ላይ እንደሚውል ጨመሩለት። ለሌላ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። የገበያው ዕለት ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ሰው እያያቸው ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ከዚያ በወንዙ ዳር ባለው መንገድ ዞረው በጓሮ በኩል ረሂማ ቤት ገቡ።

"ምነው ተመለስሽ?" አሉ ወይዘሮ ረሂማ ደንግጠው።

"ዝም ብለሽ በመስኮቱ አብረሽኝ እዪ። እንዳይመጣ እየጸለይኩ ነው የመጣሁት።"

ነገሩን ሲነግሯቸው ወይዘሮ ረሂማ መቁጠሪያቸውን አነሡ። "አላህ ጥርጣሬሽን ከንቱ ያድርገው" አሉ።

"አሜን" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

እኩለ ቀን ላይ አንድ አይሱዙ መንገዱ የሚያልቅበት ድረስ ወጥቶ ቆመ። ብርሃኔ ድጅኖ ከያዙ ሁለት ሰዎች ጋር ወረደ። ዙሪያውን አየና ሦስቱም ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ግቢ ገቡ። ሰዎቹ የበሩን የላይኛውን መቃን በድጅኖ ሲያላቅቁ፣ ብርሃኔ ሳንቃውን ከጎድጓዳው አንሥቶ በትከሻው ደገፈው። ወይዘሮ ደብሪቱ ያን ጊዜ ከረሂማ ቤት ወጡ። አልጮኹም። ግቢያቸውን አቋርጠው አጠገቡ ደረሱና፣

"ብርሃኔ፣ ቀስ በል፤ የታችኛው እግሩ የተሰነጠቀ ነው። እንዳትሰብረው" አሉት።

ሁለቱ ሰዎች ድጅኗቸውን ጥለው ሮጡ። አይሱዙውም ወዲያው ዞሮ ወረደ። ብርሃኔ ግን መሮጥ አልቻለም፤ ሳንቃውን ቢለቀው የሚወድቀው ከፊቱ በቆሙት በአሳዳጊው ላይ ነበር። እሳቸውም ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።

"እቴቴ..." አለ።

"አትናገር። ያዘው።"

ወይዘሮ ረሂማ ጮኸው በየቤቱ የቀረውን ሰው እስኪሰበስቡ ድረስ ብርሃኔ በሩን ተሸክሞ ቆመ፤ ላብና እንባው አንድ ላይ ይወርድ ነበር። ይህን የሕይወት ታሪክ ስናዘጋጅ ብርሃኔ አብሮን ተቀምጦ ነበር። ይለፈው ብንለው እሱ ራሱ፣ "ጻፉት። ቢቀር አይወዱም" ብሎናል።

ነገሩ ወደ አበጋሮች ሽምግልና ቀረበ። ቄሱም ሼሁም ባሉበት ብርሃኔ ሦስቱንም መስረቁን አመነ። ሁለቱ በሮች ወልድያ ከተማ ከአንድ መጋዘን ተገኝተው ተመለሱ፤ እሱም በገዛ ጉልበቱ ተሸክሞ አወጣቸው፣ በየቦታቸውም ተከላቸው። የአቶ ኑርሁሴን ጨረቃ የተቀረጸበት በር ግን ተሸጦ ሄዶ ስለ ነበር እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ ወይዘሮ ደብሪቱን ይቅር ይሉት እንደ ሆነ ሲጠይቋቸው፣ "ይቅር ብዬዋለሁ። አላመንኩትም ግን። እነዚህን ሁለቱን እንዳታደባልቁብኝ" አሉ። ብርሃኔ መንደሩን ለቆ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ።

አቶ ኑርሁሴን በቆርቆሮ በር ክረምቱን ከረሙ። በበጋው ሜሮን ያነሣችውን ፎቶና የለካችውን ልክ ይዛ ከመርሳ አንድ አናጢ አመጣች። አናጢው ከነጨረቃው፣ ከነእንጨት እግሩ አዲስ የዋንዛ በር ሠራ። ሲገጠም ልክ ሆነ። ወይዘሮ ደብሪቱ በሩን ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት። ከዚያ ሜሮንን ዞረው፣

"ነይ፣ የእኔንም ለኪ። የገመዱን አንዱን ጫፍ ግን እኔ ነኝ የምይዘው" አሏት።

እንዲሁም ሆነ። ቤቱን፣ ጎተራውን፣ አውድማውን፣ አጥሩን ሁሉ ሁለቱ ገመድ ይዘው እየዞሩ ለኩት። ሜሮን የምትጽፈውን እያነበቡ፣ የተሳሳተ የመሰላቸውን እያስደገሙ ቀናት ፈጀባቸው። የቀሩት የመንደሩ ሰዎችም እሳቸው ገመድ ካልያዙ በስተቀር አናስለካም ስላሉ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ያልተለኩትን የዋርካ ጫፍ ግቢዎች በሙሉ ለኩ። ሐራ ላይ የባቡሩ ሥራ ሲጀመር መስመሩ በቆላው በኩል ስላለፈ መንደሩን የነካው አልነበረም። ሜሮንም ከዚያ ወዲህ ውሃ በአጥር ላይ የሚሰጣት ሰው አልሆነችም፤ ልጅ ስትወልድ የጨቅላውን ገላ ያጠቡት ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው። ያም ሆኖ ለመንደሩ ተብሎ የሚመጣ ማንኛውም ወረቀት መጀመሪያ ለእሳቸው ይነበብ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የእርዳታው ምዝገባ ሲመጣም ዋርካው ሥር ቆመው ጮክ ብለው አንብበው ሳይጨርሱ ጣቱን ቀለም ያስነካ ሰው አልነበረም።

በ2009 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወቅት ልባቸው ደከመ። ሐኪም ጾሙን እንዲተዉ ቢመክራቸው መድኃኒቱን ወሰዱ፣ ጾሙን አልተዉም። ከፋሲካ በኋላ ሕመሙ ጸናባቸውና ወደ ሐኪም ቤት እንዲወርዱ ተወሰነ። መንገዱ ከቤታቸው ደጅ ስለማይደርስ በቃሬዛ መወሰድ ነበረባቸው። በዚያ ጠዋት ብርሃኔ ከኮምቦልቻ ወሬውን ሰምቶ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ግባ ያለው አልነበረም። መልካሙ ገብቶ ነገራቸው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ይግባ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ትዝታ፣ አንቺ ከአጠገቤ አትራቂ" አሉ።

ገብቶ እግራቸው ሥር ወደቀ። ቃሬዛው ሲነሣ ብርሃኔ በራስጌ በኩል ሊይዝ ሲል ድምፃቸው ተሰማ።

"በግርጌ በኩል ይያዝ" አሉ። "እንዳየው።"

በግርጌ በኩል፣ ፊቱን ወደ እሳቸው አድርጎ ያዘ። ቁልቁለቱን ሁሉ ዓይናቸውን ከፊቱ ላይ ሳያነሡ ወረዱ። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱና መኪናው ሲቃረብ እጃቸውን ዘርግተው ጠሩት፤ ጆሮው ላይ የተናገሩትን እሱና እሳቸው ብቻ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ማን እንደያዛቸው ሳያዩ፣ ጭንቅላታቸውን ትከሻው ላይ ጥለው ወደ መኪናው እንዲያስገባቸው ፈቀዱለት።

ወይዘሮ ደብሪቱ ይመር በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ረቡዕ ሚያዝያ 18 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ልጆቻቸው፣ ወዳጅ ዘመዶቻቸውና የዋርካ ጫፍ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው በተገኙበት በደብራቸው በዋርካ ጫፍ ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። አቶ መልካሙ ዳምጠውን፣ ወይዘሮ ትዝታ ዳምጠውንና ያሳደጉትን አቶ ብርሃኔን፣ እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። የብርሃኔ ስም ከልጆቻቸው እኩል እንዲጠራ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

በዚህ ዓለም በሩን ከመክፈታቸው በፊት ብዙ የጠየቁትን እናታችንን፣ እግዚአብሔር ሳይጠይቅ የመንግሥቱን ደጅ ይክፈትላቸው። ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው ጽናቱን ይስጠን። አሜን።